የቤተ ሙከራ ጉበት የሚጠብቁት ተሳፋሪ

ከሐይቅ ወደ ደሴ በሚጓዘው ሚኒባስ ጋቢና፣ ከሹፌሩ ከሙዓዝ ጎን የተቀመጡት ሽማግሌ ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ነው። ቀበቶ ያበጠ ሆዳቸውን አልዞር ብሎ ሱሪያቸውን በሲባጎ አስረዋል፤ ጫማቸውን ግን ሆስፒታል ሳይሆን ሠርግ የተጠሩ ይመስል አስጠርገዋል።

ሬዲዮኑ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ጉበት እያሳደጉ ነው ሲል ሽማግሌው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

“ሰማሽ?” አሏት ከኋላ የተቀመጠችውን ልጃቸውን። “የኔ እየበቀለልኝ ነው። እጠብቃለሁ።”

“ከኔ ቆርጠው ይስጡህ አልኩህ እኮ፣ አባዬ። የኔው መልሶ ያድጋል።”

“ያንቺ ጉበት ነዝናዛ ነው። ሆዴ ውስጥ ገብቶ ሊመክረኝ?”

ሙዓዝን ሳቅ አመለጠው። “አባባ፣ እኛ ዘንድ ማዳበሪያ እንኳ የሚመጣው ሰብሉ ከታጨደ በኋላ ነው። ጉበቱ መቼ ሊደርስልዎ?”

“አላህ ያውቃል። አንተ መንገድህን እይ።”

ዜና አንባቢዋ “ይሁን እንጂ ለሰው እስኪደርስ ገና ብዙ ዓመታት…” ብላ ስትጀምር የሽማግሌው እጅ ቀድሞ ሬዲዮኑን ዘጋው።

“ምን አለች?” አለች ልጃቸው አንገቷን አስግጋ።

“ትንሽ ጠብቁ አለች።”

ሬዲዮኑን የነካን ተሳፋሪ በዋዛ የማያልፈው ሙዓዝ፣ አሁን ግን ማርሽ ቀይሮ እንደታዘዘው መንገዱን አየ።