ጠላ እምቢ ያለው ጋን

የሺ ሸክላ ሠሪ ናት። ጋፋት ውስጥ አጥር እንጋራለን። የደብረ ታቦር ሰው ሁሉ ሲሞላለት ቡዳ ይላታል፤ በቅሎ ሲጠፋበት ወይም ነገር ሲወሳሰብበት ደግሞ አዋቂ ብሎ ደጅ ይጠናታል። እኔን ይሄ ያናድደኛል። እሷ "ቡዳስ አይደለሁም" ትልና ጭቃዋን ማሸቷን ትቀጥላለች። አዋቂነቷን ግን አትክድም፤ የተደበቀ ነገር ያለበት ቤት ስትገባ ግራ እጇ በረዶ ይሆናል። ነክቼው አይቻለሁ፣ እውነት ነው።

ዐቢይ ጾም ሊገባደድ ሲል ጠላ ሻጯ ብዙነሽ አስጠራቻትና አብረን ሄድን። ጾሙ ከገባ ወዲህ የጠነሰሰችው ጠላ ሁሉ እየተበላሸ ተደፍቷል፤ ፋሲካ ደግሞ ቀርቧል። ብዙነሽ ፍርዷን ጨርሳለች። በጥር ልጇ ይሻው ያገባት ሠናይት እግሯ ደረቅ ነው፤ ከገባች ወዲህ በረከት ርቋል። የሺ ይህን ካረጋገጠችላት ልጅቱን ወደ ጉና፣ ወደ እናቷ ልትመልሳት ነው። እግረ ደረቅ ተብላ የተመለሰችን ልጅ ከእንግዲህ ማን ዞር ብሎ ያያታል?

የሺ ጓዳ ገብታ ግራ እጇን እስከ ብብቷ ጋኑ ውስጥ ሰደደች። ጋኑን የሠራችው ራሷ ናት። ስታወጣው እጇ ቀዝቅዟል፣ ጣቶቿም ያብለጨልጫሉ። አሸተተቻቸው፤ ቅቤ ነው። ቅባት የነካው ጋን ጠላ እንደማያወጣ ጠማቂ ሁሉ ያውቃል፤ ብዙነሽ ግን ነገሩን በሙሽራይቱ እግር ካላከከች በኋላ ጋኑን መች ዳበሰችው። ጾም ነው። በዚያ ቤት ቅቤ ያለው የሠናይት ጠጉር ላይ ብቻ ነው።

የሺ ጋኑን ፀሐይ ላይ እናውጣው ብላ ልጅቱን ጠራቻት። ሦስታችን ጓሮ ስንደርስ ጣቷን አሳየቻት።

"ለምን ልጄ?"

ሠናይት አልካደችም። "እናቴ ታማለች፣ ብቻዋን ናት። ልሂድ ብዬ ብለምናቸው ፋሲካ ይለፍ አሉኝ። እስተ ፋሲካ ባትቆይልኝስ? እግሯ ደረቅ ነው ብለው ቢሰዱኝ እደርስላታለሁ ብዬ ነው። አንቱም ይኸንኑ ይበሉልኝ።"

"ስምሽስ?"

"እናቴን ልያት እንጂ፣ ስሜንስ ኋላ አየዋለሁ።"

እውነቱ ቢወጣ ልጅቱ ተንኮለኛ ትባላለች፤ ቢደበቅ እግረ ደረቅ። የሺ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ቀድማን ወደ ቤት ገባች። ብዙነሽና ይሻው መደቡ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

"የልጅቱ እግር ምንም የለበትም" አለች። "ዓይን ነው። ጋኑ ተእጄ ሲወጣ ዓይኔ ዐርፎበታል። የኔ ነው።"

ብዙነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ይሻው ተነሥቶ ግድግዳውን ተጠጋ።

"መድኃኒቱ ቀላል ነው" አለች የሺ። "ሠናይት እናቷ ቀዬ ተሚገኘው ምንጭ ጠዋት ጠዋት እየታጠበች ትሰንብት። ስትመለስ የምንጩን ውሃ ታምጣና ጋኑን በጇ ትጠበው። ሌላ ሰው እንዳይነካው። ዛሬውኑ ትሂድ።"

ይሻው በቅሎ ሊጭን ወጣ።

የሠናይት እናት ፋሲካን አላየችም። ግን ያረፈችው ልጇ ውሃ እያጠጣቻት፣ እጇን ይዛት ነው።

በገበያ ቀን የሺ ማሰሮዎቿን ደርድራ ተቀመጠች። ሰው እየዞረ ያልፋል፤ እናቶች ልጆቻቸውን በወዲያ በኩል ያሳልፋሉ። እኔ አጠገቧ ሆኜ ተቃጠልሁ።

"አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? በገዛ አፍሽ ነኝ ትያለሽ?"

"ዕድሜዬን ሙሉ አይደለሁም ስል ያመነኝ የለም" አለች። "አንድ ቀን ነኝ ብል አገር አመነኝ። ለልጅቱ የሚታመን ቃል ነበር የሚያስፈልጋት።"

ማሰሮዎቹን ተካፍለን ተሸከምንና ወደ ጋፋት ተመለስን።