አያ በአፍንጫቸው የሚሄዱበት መንገድ

ባለፈው የቅበላ እሑድ እዚህ ጎንደር ከማራኪ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስወርድ አንድ ሥጋ ቤት ፊት ለፊት መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን፤ ጾሙ ሳይገባ ሊጠግብ የተሰለፈው ሰው እስከ አስፋልቱ ወጥቷል። የጮማው ሽታ በመስኮት ሲገባ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን ይዛ፣ "እማማ፣ በናትዎ መስኮቱን ይዝጉት" አለችኝ። እኔ ጭራሽ ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ምን ላድርግ፣ ያ ሽታ ስልሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ደረቴን ቅልል ያደርግልኛል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመቱ። የእናቴ አባት፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በጭነት ማኪና እኛ ቤት ጎንደር ሲመጡ ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ አንደበታቸው ግን ሙሉ ነው። እዚያ ወገራ ሳሉ ማሳቸውን በእግራቸው ዳበሳ ያውቁት ኖሯል፣ እዚህ ግን ሁሉም ነገር ጫጫታ ሆነባቸው። በመጡ በወሩ ሚካኤልን ልሳለም ብለው ብቻቸውን ወጥተው ወንዝ ዳር ተገኙ። እናቴ "ሁለተኛ ቢጠፉ፣ ሚካኤልን፣ ወደ ወንድሜ ዘንድ ወደ አገርዎ ነው የምሰድዎት!" ብላ ማለች። አያ ኋላ ለእኔ ብቻ፣ "እዚያማ ምን እሆናለሁ ልጄ፣ ጥግ ላይ እንደ ጎታ መቀመጥ ነው" አሉኝ፤ እንዴት አሳዘኑኝ!

ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና ለሁሉም ነገር መላ የማላጣ መስሎኝ፣ ከጥምቀት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እጃቸውን እየያዝኩ መንገዱን በሽታ አስጠናቸው ጀመር። ከበራችን እንደወጡ የጠላ ጠማቂዋ የጎረቤታችን ጌሾ አለ፤ ወረድ ሲሉ ጣሊያን ትቶት የሄደው ጋራዥ፣ ናፍጣና የተቃጠለ ጎማ፤ "ይኸስ የሰይጣን ጓዳ ነው" ይላሉ አያ እያሳላቸው፤ ቀጥሎ የፉርኖ ዳቦ ቤቱ፣ እዚያ እንኳ ሆን ብለው እግራቸውን ይጎትታሉ፤ ከዚያ ሥጋ ቤቱ። ጮማው ሲሸትዎ ወደ ግራ ይታጠፉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚካኤል ቅጥር ጽድ ራሱ ይጠራዎታል። እንደ ዳዊት አስደገምኳቸው። ብቻቸውን ሄደው ብቻቸውን የተመለሱ ዕለት እንደ ሙሽራ ነበር የሚንጎራደዱት፤ እናቴም ሳትወድ ፈገግ አለች።

የሁዳዴ የመጀመሪያዋ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። በጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነውና አያ ረፋዱ ላይ ወጥተዋል፤ አሁን ግን ቅዳሴ ወጥቶ፣ አስቀዳሹ ሁሉ ቤቱ ገብቶ፣ እሳቸው የሉም። ሚካኤል ሮጠን ብንጠይቅ "ዛሬስ አላየናቸውም" አሉን። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ወንዙ ስትበር እኔ መታጠፊያው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። ረቡዕና ዓርብም ይዘጋ ነበር፣ ሽታው ግን አይጠፋም፤ ዛሬ ግን ወለሉ ታጥቧል፣ የሥጋ መክተፊያው ግንድ ተፍቋል፣ በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ጮማው ጨርሶ አይሸትም! በፍስክ ያስጠናሁት መንገድ በጾም እንደማይሠራ እንዴት አላሰብኩም? አርባ አራቱን ታቦት እየጠራሁ አለቀስኩ፤ አያን የጣልኳቸው እኔው ነኝ።

ደግነቱ እያለቀስኩም ማሰብ አልተውኩም። አያ ሥጋ እስኪሸታቸው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ እንጂ አይታጠፉም። ታዲያ ዛሬ ሥጋ የሚሸተው የት ነው? አዲስ ዓለም፣ ሙስሊሞቹ ሰፈር! በዚያው መንገድ ቁልቁል በረርኩ። አያ አንድ ሉካንዳ አጠገብ በርጩማ ላይ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አድርገው ቁጭ ብለዋል። ባለ ሉካንዳው፣ አያ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ፣ "የልጅ ልጃቸው ነሽ? ጾመኛ ነኝ ስላሉኝ ውሃ እንኳ አላቀረብኩላቸውም፤ የሥጋው ሽታ እንዳያስቸግራቸውም ከነፋሱ ወዲያ ነው ያስቀመጥኳቸው። ቤታቸውን እያስጠየቅሁ ነበር" አሉኝ።

አያ ድምፄን ሲሰሙ፣ "ምነው ልጄ፣ ሚካኤልን ወዴት አዛወራችሁት?" አሉ።

ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ እየሳቅሁ አነባሁ። እፎይ! የመጀመሪያ ልጄን በሰላም ስገላገል እንኳ እንዲያ ያለ እፎይታ አልተሰማኝም። እናቴም ወሬው ደርሷት እያለከለከች መጣች፤ አያ እንድሪስን መርቃ መርቃ አልበቃት አለ። የእኔ አያ ብቻ ፈርተዋል። "ሸጋ ሰው ነው፣ ሸጋ ሰው" እያሉ ባለ ሉካንዳውን ያመሰግናሉ፤ እጄን ግን ጭብጥ አድርገው ይዘዋል፤ መሐላውን አልረሱትም። እኔም አልረሳሁትም፤ እናቴ ከመናገሯ በፊት ልቅደማት ብዬ፣ ሥጋ ቤቱ አጠገብ ኑግ ጨማቂዎች እንዳሉ፣ በፍስክ ጮማው ስለሚሸፍነው እንጂ በጾም የሚቆላው ኑግ ከሩቅ እንደሚሸት፣ እስከ ቤታችን ድረስ ለፈለፍኩላት።

ያ መንገድ ዛሬ የለም። ጋራዡ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፣ ጠላ ጠማቂዋ ሞታለች፣ የፉርኖው ምድጃ የት እንደነበር የሚያሳየኝ ሰው አጣሁ። አምና ዓይኔን ጨፍኜ ልሄድበት ብሞክር ከባጃጅ ጭስ በቀር የሸተተኝ የለም፤ አሥር እርምጃ ሳልራመድ አንዱ ባለ ባጃጅ፣ "እማማ፣ ምነው አዞረዎት?" ብሎ ደግፎ አስቀመጠኝ። አፈርኩም፣ አዘንኩም። ጎንደርን በአፍንጫዬ የማውቃት እኔ፣ ሰው ካልመራኝ የማልንቀሳቀስ ሆንኩ።

አያ ግን እስኪሞቱ ድረስ አገራቸው አልተሰደዱም። በጠፉ በማግስቱ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጥጋቸው ቁጭ ብለው "አገርዎ ይሂዱ" መባልን ሲጠብቁ፣ እናቴ ጋቢያቸውን አስተካክላ አለበሰቻቸውና ዱላቸውን እጃቸው ላይ አኖረችው። "አባቴ፣ ከመሐላዬ ሚካኤል ራሱ ይፍታኝ፤ የሚሄዱት ወደሱ ነው። ኑጉ ሲሸትዎ ወደ ግራ ነው፣ እንዳይረሱ!" አለችና በሩን ከፈተችላቸው።