ስመለስ እሳለማለሁ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው አባባ ቱፋ ቤት ነበር። አባባ ቱፋ የእናቴ አጎት ናቸው፤ የካ ተራራ ሥር ከእኛ ጋር አጥር ይጋራሉ። ያኔ ሠፈራችን ገና ገጠር ገጠር ይሸት ነበር። እሳቸው ገበሬ ነበሩ፤ እርሻቸውን ባሕር ዛፍ ሲውጠው በሬዎቻቸውን ሸጠው ቁጭ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ተረታቸው ሁሉ የበሬ ሆነ። ክረምት ሲገባ ምድጃው ላይ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጨመርና ቤቱ ዓይን በሚቆጠቁጥ ጭስ ይሞላል፤ ኩራዙ በጭሱ መሐል ቢጫ ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ ዓይናፋር ስለነበርኩ ከልጆቹ ሁሉ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፌ እቀመጣለሁ። ከዚያ ፊታቸው አይታየኝም። እግዚአብሔርን አንዳንዴ ዋቃ፣ አንዳንዴ እግዜር የሚለውን ድምፃቸውን ብቻ፣ ከፍሙ ውስጥ የሚወጣ ይመስል፣ እሰማ ነበር።

አንዱን ተረት ይደጋግሙት ነበር። የአንድ ገበሬ በሬ ገደል ገባበት። ሰውዬው ወደ ጭቃ ሹሙ ሮጠ፤ ጭቃ ሹሙ ምሳ ላይ ነበር። ገመድ ወዳለው ጎረቤት ሮጠ፤ ጎረቤቱ ገመዱን ለአማቱ አውሶታል። ወደ ወንድሞቹ ሮጠ፤ ወንድሞቹ አኩርፈውታል። ሲመሽ ብቻውን ተመልሶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጠና «እግዜር ሆይ» አለ። ከገደሉ ውስጥ ድምፅ መለሰለት፦ «ምነው ቆየህ? ከጠዋት ጀምሮ በሬህን በቀንዱ ይዤልህ እጄ ዛለ።»

እዚህ ላይ ልጆቹ ሁሉ ይስቃሉ፤ እኔም በነጠላዬ አፌን ይዤ እስቅ ነበር። በሬው ይዳን አይዳን ግን አባባ ቱፋ ነግረውን አያውቁም። ስንጠይቃቸው ፍሙን ይቆሰቁሱና ወደየቤታችን ይሰዱናል።

አባዬ የአንድ ደጃዝማች የባሕር ዛፍ ጫካ ጠባቂ ነበር። አንድ ክረምት ሌቦች ከጫካው ብዙ ዛፍ ቆርጠው ወሰዱ፤ የደጃዝማቹ ሰዎች «አንተ ነህ ያሳለፍካቸው» ብለው አሳሰሩት። ያኔ እንደ እኛ ላለ ሰው የሚታወቀው መንገድ ደጅ መጥናት ነው፤ ከጌታው በር ፊት ቆሞ መዋል፣ አንድ ቀን ዓይናቸው እስኪያርፍብን ድረስ። ደጃዝማቹ «ምሬዋለሁ» ካሉ አባዬ ይፈታል። ካላሉ ግን የሚናገርለት ሰው አልነበረንም።

የደጃዝማቹ ቤት በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ነበር። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እናቴ እኔን አስከትላ ትሄዳለች፤ ለበሩ አጋፋሪ የሚሰጠውን እንቁላል በገለባ ሸፍኜ የምይዘው እኔ ነኝ። መንገዳችን በሚካኤል ደጅ ያልፋል። እናቴ ከዚያ በፊት ያንን በር ሳትሳለም ያለፈችበትን ቀን አላስታውስም። አሁን ግን ሌሎቹ ደጅ ጠኚዎች ቀድመው ከበሩ ሥር ያለውን ቦታ እንዳይዙባት ትቸኩላለች፤ እየተራመደች ራሷን ዝቅ ታደርግና «ስመለስ እሳለማለሁ» ትላለች። ስንመለስ ዝናብ ነው፤ ዝናብ ካልሆነ ጉልበቷ ዝሏል።

አንድ ጠዋት አባባ ቱፋ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው እንዲህ ማልደን ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። እናቴ ነገረቻቸው።

«ችግርሽን መጀመሪያ ለማን ነገርሽ?» አሏት።

«ለአጋፋሪው ነዋ፣ አባባ። ከእሱ ሌላ ማን ያስገባኛል?»

አባባ ቱፋ ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ።

ደጁ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ሁሉም እርጥብ፣ ሁሉም ዝምተኛ። ከሩቅ አገር በመሬት ክርክር የመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ይቀልዱ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ ያለውን ጽድ እያሳዩ «እኔ ስመጣ ይሄ ችግኝ ነበር። እሱ አደገ፣ እኔ አጠርኩ» ይላሉ። አጋፋሪው ብቅ ሲል ሁላችንም እንነሳለን፤ ያመጣነውን ይቀበላል፤ ጌቶች ዛሬ ትንሽ አሟቸዋል፣ ነገ ኑ ይለናል። ከዚያ ሰው ሁሉ ለተዘጋው በር እጅ ነስቶ ይበተናል። እናቴ ከሁሉም ይልቅ ዝቅ ብላ እጅ ትነሳለች። የነጠላዋ ጫፍ ጭቃ ሲነካ አያታለሁ።

ነሐሴ ሲጋመስ አንዲት የቤቱ ሠራተኛ አመድ ልትደፋ ወጣች። አጋፋሪው አልነበረም። በዝናቡ ውስጥ ኩርምት ብለን ስታየን ቆማ ቆየችና ወደ እናቴ ጠጋ አለች።

«እናንተ ሰዎች፣ ማንን ነው የምትጠብቁት? ጌቶች እኮ በሰኔ ነው ወደ ርስታቸው የወረዱት። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።»

ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና «ለባዶ ወንበር ነዋ የጎበጥኩት» አሉ፤ ሊስቁ ጀምረው ተዉት። እናቴ እንቁላሉን ከእጄ ወስዳ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸውና እጄን ይዛ ሄደች።

ሚካኤል ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች፤ በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ቆማ ግንባሯን ከበሩ እንጨት ጋር አጋጠመች። ብዙ ቆየች። ታለቅሳለች ብዬ ትከሻዋን አያለሁ፤ ትከሻዋ አልተንቀሳቀሰም። ስትመለስ አባዬን እንዲፈታው ለምና እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ምንም አልለመንኩትም» አለችኝ። «መጣሁ አልኩት።»

በዚያው ምሽት እናቴ ከእኔ ጋር አባባ ቱፋ ቤት መጥታ ከልጆቹ መሐል ተቀመጠች። የበሬው ተረት ሲያልቅ ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«በሬውስ ዳነ?» ብላ ጠየቀች፤ እንደ ልጅ።

አባባ ቱፋ ፍሙን አልቆሰቆሱም። «ሞተ፣ ልጄ» አሏት። «ብቻውን ግን አልሞተም።»

ከዚያ ወዲያ እናቴ ጎሕ ሲቀድ ሚካኤልን ተሳልማ ነው ለአባዬ ስንቅ ወደ ወህኒ ቤቱ የምትወስደው፤ ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የዳኛው ጸሐፊ ዘንድ። ሰው ማስቸገሯን አልተወችም፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተለወጠ። ከመስቀል በኋላ እውነተኞቹ ሌቦች ሌላ ጫካ ውስጥ እጅ ከፍንጅ ተያዙና አባዬ ተፈታ። ጎረቤቱ ሁሉ የሚካኤል ተአምር ነው አለ፤ እናቴ ግን እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። አባዬ ከእስር ቤቱ እርጥበት ሳል ይዞ ነበር የመጣው። በሚቀጥለው ክረምት ያ ሳል ጨረሰው።

የሞተው ሊነጋጋ ሲል ነው። ነቅቼ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ያየች ሴት ወዲያው ትጮኻለች፤ ጎረቤት የሚያውቀው በእሪታዋ ነው። እኔም ጩኸቱን ፈርቼ ሁለት እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እናቴ ዓይኑን ከደነች፤ ብድግ አለች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ አማተበችና ቆመች። ክዳኑ ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ እሷ ቆማለች። እጄ ዝሎ ከጆሮዬ ላይ ሲወርድ እንኳ ገና እንደቆመች ነበር። ከዚያ በሩን ከፈተችና ተራራው እስኪመልስላት ድረስ ጮኸች።

በዚያች ዝምታ ውስጥ ለእግዚአብሔር ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ጠይቄያትም አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ እምነት የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት አነበብኩ፤ የተማሩ ሰዎች ሲከራከሩም ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። እንዳስረዳ ብጠየቅ አልችልም። መጥፎ ወሬ ሲደርሰኝ እግሬ ዛሬም መጀመሪያ ወደ ሰው ይሮጣል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ግን እናቴ በሩን ከመክፈቷ በፊት የቆመችባት ያቺ ጠዋት ትመጣብኛለች፤ እጄን እንዳነሳሁ፣ በሩን ሳልነካ፣ ጥቂት እቆማለሁ።