ግዝቱ ያላለው

ከሽንፋ ወጣ ብሎ ካለው የሰሊጥ እርሻ፣ ከማእድ ቤቱ ነው ወታደሮች የወሰዱኝ። እጄ ላይ ሊጥ ነበር፤ «ታጠቢ» እንኳ አላሉኝም። ለአጫጆቹ የምጋግረው ዳቦ ጫካ ላሉት ታጣቂዎች ይሄዳል ተባለ። ያስገቡኝ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። የረገፈ ሰሊጥ ከላብ ጋር እግር ሥር ይጣበቃል፤ ከረፋድ ጀምሮ ጣሪያው ይንጣጣል። ውስጥ ያገኘሁት አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። ለአጨዳ የመጣ ልጃቸውን ፍለጋ ከጎጃም ወርደው ነው የተያዙት።

ሙቀቱን እችለዋለሁ፣ የቆላ ልጅ ነኝ። ያልቻልኩት ቶምባኩን ነው። ከሱዳን የሚገባ እርጥብ ትምባሆ ነው፤ ቆንጠር አድርገው ከከንፈር ሥር ይይዙታል። ሲፈትሹኝ ከረጢቴን ወሰዱት። በሁለተኛው ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥፍሬን እስከ ሥጋው በልቼ ጨረስኩ።

«ወባ ነው እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ እናቲቱ።

«ወባ ቢሆን ደግ ነበር። ቶምባክ ነው።»

«ኤዲያ፣ ማተብ አስረሽ? የንስሐ አባት የለሽም?»

«አሉኝ። የገዘቱኝ ግን ሲጋራ ነው። ቶምባክ አላሉም።»

እውነቴን ነበር። አብርሃ ጅራ ለአረም ወርጄ ሳለ ከሠራተኞቹ ጋር ሲጋራ ለመድኩ። በዐቢይ ጾም ንስሐ ገባሁ፤ አባ «ሁለተኛ ሲጋራ አፍሽ እንዳይገባ» ብለው ገዘቱኝ። ግዝት አልጥስም፣ እፈራለሁ። በሳምንቱ ቶምባክ ያዝኩ። ሲጋራ ተውኩ ብዬም አወራሁ፤ ጓደኞቼን እስከ መምከር ደረስኩ።

እናቲቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«እግዜርን በጠበቃ ልትረቺው ነው?»

ተናደድኩ። ፊቴን ወደ ቆርቆሮው አዞርኩ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጠሩኝ። መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ላይ የእኔ ከረጢት። ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ። አፌን ምራቅ ሞላው።

«የእርሻችሁ ትራክተር ነጂ ዳቦ ጭኖ ወጥቷል፣ አልወጣም?»

«ለማን እንደወሰደ አላውቅም።»

«እሱን ማን ጠየቀሽ? አንብቢና ፈርሚ፣ ዕቃሽን ውሰጂ።»

ሁለት መስመር ነው። ነጂው ዳቦ ጭኖ ከእርሻው ይወጣ ነበር ይላል። መውጣቱ እውነት ነው። ውሸት አልፈርምም አልኩ በልቤ፤ ይኼ ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ታጣቂ የሚል ቃል የለበትም። እስክሪብቶውን አነሳሁ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍኩ።

ራሴን የሰማሁት ያኔ ነው። ቶምባክ አላሉም። ታጣቂ አይልም። ያው ድምፅ ነው። ያ ወረቀት ሰውየውን የት እንደሚያደርሰው ግን ደህና አድርጌ አውቅ ነበር።

ፊደሉን ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዝኩት።

«እምቢ ነው?»

«አልፈርምም።»

በጥፊ መታኝ። ከዚያ ከረጢቱን ደረቴ ላይ ወረወረው። «እንኪ። ሲያልቅብሽ አንቺው ትለምኚኛለሽ።»

መጋዘኑ ውስጥ ከረጢቱን ጨብጬ ተቀመጥኩ። አሁን የሚከለክለኝ አልነበረም፤ ግዝትም፣ ፊርማም። ተነስቼ የሽንት ባልዲው ውስጥ ዘረገፍኩት። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ወዲያው ባልዲው ላይ አጎንብሼ አለቀስኩ፤ እጄን ላገባ ምንም አልቀረኝም ነበር። እናቲቱ መጥተው ባልዲውን ወደ በሩ አራቁት። ነጠላቸውን መሬት ላይ አነጠፉና «ነይ፣ እዚህ ተኚ» አሉኝ።

ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል። ትራክተር ነጂውን በሌላ ሰው ፊርማ ያዙት፤ እስካሁን አልተፈታም። ሚስቱ እኔ አለመፈረሜን ሰምታ ኖሮ ገበያ ላይ ስታገኘኝ ትስመኛለች። ቶምባኩን አራት ወር ተውኩ፣ ወደቅሁ፣ እንደገና ተውኩ። ጧት ጸሎት ስቆም ከዚህ ጠብቀኝ፣ ከዚያ ጠብቀኝ ብዬ አልዘረዝርም። አንተ ታውቀኛለህ፣ ቀዳዳ አትተውልኝ እላለሁ። አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ያዘልቀኛል።