አባቴ እርምት ያወጣ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት ስልኩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ ነበር። አዲስ ዓለምን እስክናልፍ አንዴም ቀና አላለም። የሰው ስልክ ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን መቀመጫው ጠባብ፣ ፊደሉም ትልልቅ ነበርና ዓይኔ ገባበት። በአካል የማያውቀውን አንድ ሰው ከነዘር ማንዘሩ እያጠበ ያሰጣዋል። ጽፎ ሲጨርስ ላከው፤ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ ከኪሱ የገብስ ቆሎ አወጣና «እንኪ እህቴ፣ ዝገኚ» አለኝ። እንዲህ ያለ ትሁት ልጅ ነው! ቆሎውን እየቆረጠምኩ፣ ታጭዶ የተከመረውን ጤፍ በመስኮት እያየሁ፣ አባቴን አሰብኩት።

አባቴ አቶ ጌታነህ በጊዜው ብዕሩ የሚፈራ ጋዜጠኛ ነበር። «ተሳዳቢ» ሲሉት ይቆጣል። «እኔ ተሟጋች ነኝ፤ ተሳዳቢ ማስረጃ የለውም» ይላል። አዲስ አበባ ሳለን ያልነካው አልነበረም፤ የስብሰባ ርዝመት፣ የሠርግ ድንኳን ስፋት፣ የደራሲዎች ትዕቢት፣ አንዳንዴም የገዛ አለቃው። ተከሷል፣ ተረትቷል፤ አንድ ጊዜማ ችሎት ፊት የራሱን ጠበቃ ንግግር ሲያርም ጠበቃው ፋይሉን ሰብስቦ ጥሎት ሄዷል። በመጨረሻ አንድ አዘጋጅ «እዚህች ጋ ተሳስተሃልና እርምት እናውጣ» ቢለው፣ እርምት ከማውጣት ሥራ መልቀቅን መረጠ። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ዕቃችንን ጭነን እናቴ ወደተወለደችበት አምቦ የገባነው በዚህ የተነሳ ነው። እናቴ ገበያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፈተች። አባቴ መስኮት ሥር ጠረጴዛውን አስቀመጠና ለአዲስ አበባ ጋዜጦች መጻፉን ቀጠለ።

ለዚህ ጠባዩ ተጠያቂው አንድ ፈረንሳዊ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ፈረንሳይኛ ተምሮ ነበርና ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ነበረው፤ የአንድ ነገረኛ ጋዜጠኛ የሕይወት ታሪክ። የሰፈሬ ልጆች የጅብና የጦጣ ተረት ሲሰሙ እኔ የዚያን ሰውዬ ጠብ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ከአንዱ ጋዜጣ ተባረረ፣ በሌላው ተከሰሰ፣ ትናንት ያመሰገነውን ዛሬ አብጠለጠለው፣ ወዳጆቹ አንድ በአንድ ራቁት። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ «ከጻፈው ግን አንዲት ቃል አልሰረዘም!» እናቴ ምስሯን እየለቀመች «ለመሆኑ እራቱን ማን ይሠራለት ነበር?» ትለዋለች። መጽሐፉ ስለ እራት አይልም።

የማወራው ነገር የተከሰተው ፌስቡክ አምቦ ውስጥ በየሰዉ እጅ በገባበት ሰሞን ነው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ገመቹ የሚባል የእንጭኒ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ልቤን ከወሰደው ሰንብቷል። እናቴ ታውቃለች። አባቴ አያውቅም። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ለአባቷ «የምወደው ልጅ አለ» አትልም፤ አባት ነገሩን የሚሰማው ሽማግሌ ደጁ ሲቆም ነው። ሽማግሌ ከሚላክባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ይመስለኛል፤ አባትና ልጅን ከማፈር ያድናቸዋል።

እንግዲህ አባቴ ምንም ሳያውቅ፣ በጥቅምት መባቻ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱ «የቆሙ ሽማግሎች» ይላል። ለጋብቻ ሽማግሌ መላክን ከሥር ከመሠረቱ ነቀለው። ያለቀ ነገር ለመጨረስ ምልልሱ ምንድነው? «አንቀመጥም» ብሎ በር ላይ መገተሩስ? አንዱ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ በቁሙ ይተኛል፤ ዋናው ተናጋሪ ደግሞ «ልጃችሁን ለልጃችን» የምትለዋን ቃል ለመናገር ከአዳም ይጀምራል! መጨረሻው ላይ እንዲህ ብሎ ደመደመ፦ «የእኔን ልጅ የሚፈልግ ወንድ፣ ሽማግሌ ሳያስከትል በገዛ እግሩ ይምጣ። ሽማግሌ ይዞ ለመጣ በሬ ዝግ ነው።» ስም አልጠቀሰም። ግን አምቦ ውስጥ ሲናገር ቀኑን የሚያስመሽ ሽማግሌ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ኦቦ ዲንሳ ናቸው። በቁም የሚተኙትም አቶ ማሞ መሆናቸውን ሕፃን ያውቃል። ጽሑፉን አንዱ ፌስቡክ ላይ ለጠፈውና በሁለት ቀን ውስጥ የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር በቃሉ ወጣው።

የገመቹ አባት ይህን አላነበቡም። ከእንጭኒ ተነስተው፣ አንድ ቅል ቅቤ ይዘው፣ ኦቦ ዲንሳ ዘንድ ሄዱና «ሽማግሌ ይሁኑልን» አሉ። ኦቦ ዲንሳም «የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁ። ሲነገራቸው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ፎቶ ኮፒ አወጡ።

«በሬ ዝግ ነው ይላል» አሉ፤ «ጃርሳ፣ ሽማግሌ የተባለ፣ ዝግ በር አይደበድብም።»

ሌሎቹም ሽማግሎች አንድ በአንድ እምቢ አሉ። የገመቹ አባት በበኩላቸው «ያለ ሽማግሌ ልጅ ይዞ መሄድ ከጠለፋ በምን ይለያል? ሽማግሌ ከጠፋ ሌላ ቤት ፈልግ» ብለው ለልጃቸው ቁርጡን ነገሩት። ገመቹ ይህን የነገረኝ ከሁሉቃ ድልድይ ማዶ አንድ ጁስ ቤት ተቀምጠን ነው። አቮካዶው ብርጭቆ ውስጥ ጠቆረ፤ አንዳችንም አልቀመስነውም። ትዝ ይለኛል፣ አባቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላሁት። ለአንድ ከሰዓት ያህል ነው፤ ግን ከልቤ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ እናቴ ሁሉንም ዘረገፈችለት። አባቴ ጨጨብሳውን መብላት አቁሞ አዳመጠ። መጀመሪያ ደስ አለው እንጂ አልከፋውም።

«በቃ፣ ልጁ ይምጣ! እኔ በሬን ለእሱ ከፍቻለሁ እኮ!»

«የእኔ ልጅ ሽማግሌ ሳይቆምላት ከዚህ ቤት አትወጣም» አለች እናቴ።

«እና የጻፍኩትን ልብላው?»

«ጌታነህ፣ ያ ፈረንሳይህ ሴት ልጅ ነበረችው?»

አባቴ ሻዩን አማሰለ።

«እጠይቅሃለሁ እኮ! ልጅ ነበረችው? ማን ዳረለት?»

«መጽሐፉ… አይልም» አለ። ጨጨብሳውን ሳይጨርስ ተነሳና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ያን ቀን ግን ብዕር አላነሳም።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ጋቢ ደርቦ፣ ከጎረቤት ከዘራ ተውሶ፣ ሊወጣ ሲል በር ላይ ተገናኘን። ከዘራው አጭር ስለነበር ወደ አንድ ጎኑ አጎንብሶ ነበር። ወዴት እንደሚሄድ አልነገረንም። ቀጥሎ የሆነውን ያየችው የኦቦ ዲንሳ ልጅ ጫልቱ ናት፤ አብሮ አደጌ ናት፤ እስከ ዛሬ ባወራችው ቁጥር ትንሽ ትጨምርበታለች።

አባቴ የኦቦ ዲንሳን ግቢ አልፎ በረንዳው ሥር ቆመ። ኦቦ ዲንሳ ወጥተው አዩት።

«ኮታ፣ ታኣ፤ ግባና ተቀመጥ እንጂ» አሉት።

«የመጣሁበት ጉዳይ ሳይሰማ አልቀመጥም» አለ አባቴ።

ኦቦ ዲንሳ ዙሪያውን ቃኙ። «ሽማግሎችህ የታሉ?»

«የሚቆምልኝ ሽማግሌ አጣሁ፤ ስለዚህ ለራሴ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ መጣሁ። እርስዎን አስቀይሜያለሁ፤ ለልጄ ሽማግሌ እንዲሆኑ እለምናለሁ።»

ጫልቱ እንደምትለው ኦቦ ዲንሳ ሳቃቸውን ለማፈን ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ «ጉዳዩ ከባድ ነው። ብቻዬን አልመልስም፤ መማከር አለብን። በሳምንቱ ተመለስ» አሉት። አባቴ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር አምቦ በሙሉ ያውቃል፤ ጽፎታልና። ግን መልሶ ከደነው። እጅ ነሳና ወጣ።

በሳምንቱ ሽማግሎቹ በሙሉ ተሰብስበው ጠበቁት። ኦቦ ዲንሳ ያችን ፎቶ ኮፒ ሰጡትና «አንብብልን» አሉት። አባቴ ጽሑፉን ሲያነብ ያን ያህል ላብ ያጠመቀው ዕለት የለም። ሠላሳ ዓመት ሲጽፍ፣ የጻፈበት ሰው ፊት ቆሞ ሲያነብ የመጀመሪያው ነበር። በቁሙ ስለሚተኛው ሽማግሌ ያነበበ ጊዜ ሁሉም ወደ አቶ ማሞ ዞሩ።

«ይህቺስ ልክ ናት፤ እተኛለሁ» አሉ አቶ ማሞ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ዲንሳ ግን አልሳቁም። እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙ።

«ሌላው ይቆይ። አንድ ውሸት ግን አለበት። ከአዳም ይጀምራል ብለሃል። እኔ ከአዳም ጀምሬ አላውቅም። የምጀምረው ከፈጣሪ ነው፤ አዳም በኋላ ነው የሚመጣው። እውነት ነው የምጽፈው ስትል አልነበር? እንግዲያው አርመው።»

አባቴ ፎቶ ኮፒውን አጥፎ መለሰላቸው። ጫልቱ «ፊቱ ላይ ያ ፈረንሳዊ ሲሞት አየሁት» ትላለች፤ ይህንን እንኳ የጨመረችው እሷ ናት። ከዚያ «ይታረማል» አለ።

ታረመም። በሚቀጥለው እትም፣ በአባቴ ስም ሥር፣ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «በቀደመው ጽሑፌ አንድ የአምቦ ሽማግሌ ንግግራቸውን ከአዳም እንደሚጀምሩ ገልጬ ነበር። የሚጀምሩት ከፈጣሪ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ስለ ስሕተቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ወፍጮ ቤት፣ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ በየሄድኩበት ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ኦቦ ዲንሳ ጋዜጣውን በመስታወት አስገጥመው ሳሎናቸው ሰቀሉት።

በቀጣዩ እሑድ ጠዋት ሽማግሎቹ ወደ እኛ ቤት መጡ። እኔና እናቴ መጋረጃ ጀርባ ቆመናል። እናቴ እጄን ይዛለች። «አንቀመጥም» አሉ፤ ቆሙ። ኦቦ ዲንሳ ከፈጣሪ ጀመሩ። ብርሃንና ጨለማ ተለዩ፤ ውሃው ተከፈለ፤ አዳም በተራው መጣ። ኖኅ ላይ ሲደርሱ አቶ ማሞ ከዘራቸውን ተደግፈው አሸለቡ። በመጋረጃው ቀዳዳ አባቴን አየሁት። ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ያበራል፤ ከንፈሩም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ ያቺ ቃል መጣች፤ «ልጅህን ለልጃችን።»

እናቴ እጄን ጨበጠችኝ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጉዳዩ ከባድ ነው» አለ። «ዘመድ እናማክራለን። በሳምንቱ ተመለሱ።»

እናቴ ጭኗን መታች። ኦቦ ዲንሳ ግን ሳቃቸው ግቢውን ሞላው። «ዱጋዳ! እውነት ነው፤ ወጉ ነው!» እያሉ፣ አቶ ማሞን ቀስቅሰው ወጡ።

እኔ ከመጋረጃው እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

«አባዬ! ምልልሱ ምንድነው ብለህ የጻፍከው አንተው ራስህ አይደለህም?»

አባቴ የተከፈተውን በር በእጁ አሳየኝ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ላይ ስጽፍ ኖርኩ» አለኝ። «የመጣልኝ መጥሪያ ብቻ ነው። የጻፍኩባቸው ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ሲያዋሩኝ ዛሬ ገና አየሁ። አንዴ ብቻ መጥተው እንዲቀሩ ነው የምትፈልጊው?»

  ሄጄ ትከሻውን አቀፍኩት።

በሳምንቱ ተመለሱ። አባቴ «እሺ» አለ፤ «አንቀመጥም» ብለው ያን ያህል የቆሙ ሽማግሎች ለመነሳት ጨርሶ እምቢ አሉ። ጭኮው በቅቤ ታሽቶ ቀረበ፣ ቆጮና ክትፎው ቀረበ፣ ጠጁ ተቀዳ። አባቴና ኦቦ ዲንሳ ስለ ጊንጪ መንገድ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ዛሬ ልጆች እስኪመሽ ተሟገቱ። በአንዱም አልተስማሙም። ጥር ላይ ተዳርኩ፤ የሠርጌ ድንኳን ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ሰፊው ነበር።

እኔና ገመቹ ኑሯችንን አዲስ አበባ ካደረግን ቆየን፤ አባቴ ግን አምቦ ሆኖ ዛሬም ይጽፋል። እንደ ድሮው ያቃጥላል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለው፤ ሳያሳትም በፊት የጻፈበት ሰው ቤት ይሄድና ቆሞ ያነብለታል። አንዳንዱ ያባርረዋል። አብዛኛው ግን ከሰማ በኋላ «ግባ፣ እህል ቅመስ» ይለዋል። ጽሑፎቹ አልለሰለሱም፤ ሰው ፊት የማይነበብ ቃል ብቻ ወጥቶላቸዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የነበረው ያ ትሁት ልጅ የጻፈውን ለሰውየው ፊት ለፊት እንዲያነብለት ቢታዘዝ፣ ቆሎውን ቀድሞ የሚያካፍለው ይመስለኛል።

ቅዳሜ ዕለት አምቦ ስደርስ አባቴ የግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እጁ ላይ ወረቀት ይዟል። ልስመው ስጠጋ በመዳፉ አቆመኝ።

«ቆይ። ጉዳዩ ሳይሰማ አንሳሳምም» አለና ማንበብ ጀመረ።

ርዕሱ «የሚቀጥለው ሳምንት» ይላል። አዲስ አበባ ስለምትኖር፣ በየእሑዱ እየደወለች «በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» ስለምትል አንዲት ልጅ ነው። አባቷ በየሳምንቱ ጫማውን እንደሚቦርሽ፣ እናቷ በየሳምንቱ የምትወደውን እርጎ እንደምታስቀምጥ፣ እርጎው በየሳምንቱ ለጎረቤት ልጆች እንደሚሰጥ ጽፏል። ስም አልጠቀሰም። አጥንት የሚሰብር ጽሑፍ ነበር፤ አንድም ውሸት አልነበረበትም። መሐል ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ፊቴን አየና ድምፁ ዝቅ አለ።

«ልተወው?» አለኝ።

«አንብበህ ጨርሰው እንጂ አባዬ» አልኩት፤ «እስከ ረቡዕ አለሁ።»