የሚሳም ፎቶ በየትኛው ቀለም ይታተማል

ይህን ሥራ የጀመርሁት በገዛ ቤቴ ነው። ባለቤቴ ጌታሁን መርሳ ከአስፋልቱ ፊት ለፊት ያለችውን ክፍላችንን ፎቶ ማተሚያና ጽሕፈት ቤት አደረጋት። እኔም የትምህርት ቤት ጸሐፊነቴን ትቼ አብሬው ለመሥራት ተስማማሁ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ልቀመጥ ስል ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

«ዛሬ ምንም አትጽፊም። ተመልከቺ ብቻ» አለኝ።

በአንደኛው ብርጭቆ ከአንድ ጠርሙስ ቀይ ቀለም አንጠባጠበ። ውሃው እንደ ሻይ ቀላ፤ ከወዲያ ማዶ ግን ጣቴ ጥርት ብሎ ይታየኛል። በሁለተኛው ከሌላ ጠርሙስ አንጠባጠበ። ይኼኛው ደፈረሰ፣ በክረምት እንደሚወርድ የወንዝ ውሃ ሆነ።

«የመጀመሪያው ዳይ ይባላል፤ ሟሟ። ሁለተኛው ፒግመንት ነው፤ አልሟሟም፣ ደቃቅ ዱቄት ሆኖ ተንሳፈፈ። ወረቀት ላይም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ይሰርጋል፣ አንዱ ላዩ ላይ ይቀመጣል።»

«ታዲያ የትኛው ይሻላል?»

«እሱን ዛሬ ከነገርሁሽ ነገ ምን ላወራሽ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ሁለት ባለ ታንክ ማተሚያዎች ነበሩን። ባለ ስድስት ቀለሙ ዳይ ይጠጣል፤ ፎቶ የምናትመው በእሱ ነው። ባለ አራቱ ፒግመንት ይጠጣል፤ ማመልከቻና የምስክር ወረቀት በእሱ ይወጣል። ጠርሙሶቹ እንዳይቀላቀሉ ጌታሁን በዳዮቹ አንገት ላይ ቀይ ክር አስሮባቸው ነበር።

በሩን ከመክፈቱ በፊት በየቀኑ ከሁለቱም አንድ አንድ የሙከራ ገጽ ያወጣል። መስመሮቹ ካልተቆራረጡ ሥራ ይጀመራል። ከተቆራረጡ ቀለም የሚረጨውን የማተሚያውን ራስ አንዴ ያጸዳል፣ ቢበዛ ሁለቴ፤ ከዚያ ማረፍ ነው። ፒግመንት ሳይሠራ ከሰነበተ ቀዳዳው ውስጥ ይደርቃል። መብራት ለቀናት ሲጠፋ ስለዚያ ማተሚያ የሚጨነቀው፣ ሳር ሳይጣልለት እንደዋለ ጥጃ ነበር።

ቀለም የምንገዛው ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ከሚሸጠው ከሰይድ ነው። አንድ ጊዜ ጌታሁን ሥራ በዝቶበት እኔን ላከኝ። ሰይድ ገና ሲያየኝ ጀመረ።

«እታለም፣ ባልሽ ቀለም ሲገዛ እንደ ሽቶ ያሸታል። አንቺም ልታሸቺ ነው?»

«አላሸትም። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ስጠኝ።»

«ወላሂ፣ በሽታው ተጋብቷል!» አለና ውሃውን አመጣ።

ፒግመንት ተብሎ ከተለጠፈባቸው ጠርሙሶች የአንዱ ቀለም ውሃው ውስጥ እንደ ሻይ ጠራ፤ ዳይ ኖሯል። ሰይድ መሳቁን አቆመ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረደው። ከዚያ ወዲህ እሱም ለደንበኛ ከመስጠቱ በፊት በውሃ መፈተን ጀመረ። ለጌታሁን ስነግረው ማተሚያውን መጥረጉን ቀጠለ፤ ማታ እራት ላይ ግን ለእህቱ ስልክ ደውሎ ሁሉንም ሲተርክላት ሰማሁት።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ያነሡታል፣ ደረታቸው ላይ ይለጥፉታል፣ ይስሙታል። መስተዋት ስለሚሰበር ፍሬም አይገባም፤ ካርቶን ላይ ይለጠፋል። አንድ ቀን ግራና ከምትባለው ከተማ አንድ ሰው ስልክ ይዞ መጣ። አረብ አገር ሠርታ የምትኖር ብርቄ የምትባል ልጅ ሞታ ለቤተሰቧ መርዶ ተነግሯል፤ ሬሳዋ አይመጣም። ፎቶዋን ለለቅሶው ፈለገ። መጠኑን ብቻ ጠየቅሁትና እንደ ልማዳችን በሚያብረቀርቀው ወረቀት፣ በዳይ አተምሁለት። ፊቷ ሲያበራ ሰውዬው እዚያው ቆሞ አለቀሰ። እኔም በሥራዬ ረካሁ።

ከሠልስቱ በኋላ እናትየዋ እማማ የሺ ራሳቸው መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ፎቶውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ዓይኗና አፏ የነበሩበት ቦታ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ወርዷል።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ ያበላሸኋት። እንባዬ ነው» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እማማ፣ አንቱ ምን አጠፉ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልሁ። ጌታሁን የለቅሶ ፎቶ ከኮምፒውተሩ አያጠፋም ነበርና ምስሉ አለን። «አሁኑኑ አውጥቼ ላስቲክ አለብስልዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ውሃም አይነካው» አልኋቸው።

«ላስቲክ አልፈልግም።»

«ምነው እማማ?»

«ሬሳዋን አላቀፍሁ። የምሄድበት መቃብር የለኝ። ያለችኝ ይቺ ናት፤ አርባዋም እየመጣ ነው። በላስቲክ አልስማትም።»

ጌታሁን ከጓዳ ሆኖ ሰምቶ ኖሯል። ወጥቶ ከፊታቸው ቆመ። «በላስቲክ አይሆንም፣ እማማ። ለገበያ ሲመጡ ይለፉ» አላቸው።

ያን ሳምንት ሲሠራ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ በፒግመንት አወጣ፤ ደበዘዘ፣ በጣት ሲነኩትም ለቀቀ። ከሰይድ ወፍራም፣ የማያብለጨልጭ ወረቀት አስመጣ። እሱ ቀለሙን ያዘ፤ የልጅቱ ፊት ግን አመድ መሰለ። ኮምፒውተሩ ላይ የፊቷን ቀለም ትንሽ ትንሽ እያሞቀ፣ ከምስሉ ጋር እያስተያየ ደጋግሞ አወጣ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨው በጥብጦ እንደ እንባ እያንጠባጠበ፣ ሲደርቅ እየጠረገ ፈተነው።

አንድ ቀን ስገባ የሙከራ ወረቀት ይስማል።

«ምን ሆነሃል?»

«እማማ የሺ የሚያደርጉትን ነዋ።»

«ከንፈርህን በመስተዋት እየው።»

ሰማያዊ ሆኗል። ሰይድ በስልክ ይህን ሲሰማ፣ «ሰው ሚስቱን ይስማል፣ አንተ ወረቀት ትስማለህ!» ብሎ ሳቀበት። ጌታሁን ግን ትምህርት አገኘበት። ያ ወረቀት ገና እንደወጣ ነበር። ሙሉ ቀን ሲደርቅ የቆየውን ሲስመው ከንፈሩ ንጹሕ ሆነ።

በገበያው ቀን እማማ የሺ መጡ። ፎቶውን ከመስጠቱ በፊት በሙከራው ቅጂ ላይ የጨው ውሃ አፍስሶ በፊታቸው ጠረገው። ፊቷ አልተነካም።

«ቀለሟ ግን ከፊተኛው ቀዝቀዝ ብሏል» አሉ እማማ የሺ።

«ልክ ነዎት፣ እማማ። ያኛው ይደምቃል፤ ይኼኛው ይጸናል።»

«እንግዲያ የሚጸናውን ስጠኝ።»

ተቀብለው አፋቸው ላይ አኖሩት። ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆዩ። ጌታሁን ደንበኛ እንዳይገባ በሩ ላይ ሄዶ ቆመ።

ከአርባው በኋላ ተመልሰው መጡ። ያመጣቸው ምስጋና ነው። ፎቶው ማዕዘኑ ታጥፏል፣ ዓይኗና አፏ ግን እንዳሉ ናቸው። አንድ ጉንጯ ላይ ብቻ ቀለሙ ተፍቆ ነጣ ብሏል። ጌታሁን ቅር አለው። «እማማ ይስጡኝ፣ በአዲስ ልቀይርልዎት» ብሎ እጁን ዘረጋ። እሳቸው ፎቶውን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«ተው ልጄ! ይቺን ቦታ የሳምኋት እኔ ነኝ። አትቀይርብኝ።»

እሳቸው ሲሄዱ ጌታሁን የሥራ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፦ «የማያብለጨልጭ ወረቀት፤ ፒግመንት፤ አንድ ቀን ይድረቅ። ጉንጭ ላይ ይለቃል።» የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ባይጽፋት ማንም አያውቅበትም ነበር። በሙያው የማደንቀው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው።

ጌታሁን ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ፎቶውን ያተምሁት እኔ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ። አንዱን በዳይ አትሜ መስተዋት ውስጥ አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት፤ ዳይ በፀሐይ ስለሚደበዝዝ፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል። ሌላውን በፒግመንት አወጣሁት። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ የባለቤቴ እህት መጥታ፣ «ፎቶውስ? ሰው እየጠየቀ ነው» አለችኝ። «አልደረቀም» አልኋት። እስኪደርቅ ሙሉ ቀን ያለ ፎቶ አለቀስን።

ሥራውን አልተውሁትም። ደንበኛ ባይኖርም ጠዋት ጠዋት ከሁለቱም ማተሚያ የሙከራ ገጽ አወጣለሁ።

ቤታቸው ማተሚያ ሊያስገቡ የሚያስቡ ወጣቶች የትኛው ቀለም እንደሚሻል ይጠይቁኛል። መስተዋት ውስጥ ለሚገባና ላስቲክ ለሚለብስ ፎቶ ዳይ ጥሩ ነው፣ ይደምቃል። ለጽሑፍ፣ ለሰነድ፣ እጅና ውሃ ለሚነካው ፒግመንት ይያዝ፤ በየቀኑ ግን ይሠራበት። ደንበኛ ሲመጣ መጠኑን ከመጠየቃችሁ በፊት ወረቀቱን ምን እንደሚያደርገው ጠይቁት። እኔ አልጠየቅሁም ነበር።