አቮካዶው ሥር የቆመው መኪና

ባልና ሚስት ፈረንጆች ዲላ አጠገብ ጪጩ ያለው ግቢዬ ውስጥ ለማደር ሲጠይቁኝ፣ እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቆምም ብዬ አልጋና ማድ ቤት ያዘለውን ትልቅ መኪናቸውን አቮካዶው ሥር አስቆምኩት። የመኪናውን ዋጋ የጠየቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ማን ጠይቅ አለኝ። አማርኛ የሚሞክረው ባልየው የነገረኝ ገንዘብ ዲላ መሃል ፎቅ ያሠራል።

ወዲያው ነፋስ ተነሳና የደረሰው አቮካዶ መኪናው ጣሪያ ላይ ይወርድ ጀመር። አንዱ ዱብ ባለ ቁጥር ግቢዬን በሐሳቤ እሸጥ ነበር። ነፋሱ ሲበርድ በመሰላል ወጣሁ። ጣሪያው ላይ ያለው የሶላር መስታወት ጭረት እንኳን የለውም። እፎይ አልኩ።

ባልየው ከታች የወደቀውን በባርኔጣው እየለቀመ፣ "ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁት እኮ መንገድ ላይ እንዳልሰጋ ነው" አለኝ።

ለካ ስጋቱን ለእኔ ትቶልኝ ነበር።